መኪና የማይገባበት የአልፕስ ሸለቆ፦ ከሬሼን እስከ ጋርዳ ሐይቅ በኮርሳ ሳይክል የሄደ አለ?

የሌሊት_ፈረቃ · ሙኒክ

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እናንተን ሳነብ ከርሜ ዛሬ ገና መጻፌ ነው፤ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት በሳይክል ከሥራ ስወጣ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አንድ ነጭ ቫን በጎን መስታወቱ ግራ ክርኔን ገጭቶኝ አለፈ። አልወደቅኩም። አጥንትም አልተሰበረም። ክርኔ ሁለት ሳምንት ጠቁሮ ዳነ። ያልዳነው ሌላ ነው። ከኋላዬ የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ይኮማተራል፤ መሪውን አንቄ እይዛለሁ። ኮርሳዬ ብርዱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ከረመች።

አሁን አጎቴ በሐምሌ ከፍራንክፈርት ሊመጡ ነው። ጋሼ 63 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በክለብ ደረጃ ሳይክል ላይ ነበሩ፤ ማለት፣ እሳቸው እንደዚያ ይላሉ። ፎቶ አለ ይባላል እንጂ ቤተሰቡ ውስጥ ያየው የለም። «ሦስት ቀን አብረን እንንዳ» አሉኝ። ጋሼን እምቢ ማለት አይቻልም።

ስፈልግ የማገኘው ወይ የጫካ ጠጠር ነው፣ ወይ ከመኪና ጋር የሚጋፉበት የተራራ መንገድ። እኔ የምፈልገው አስፋልት፣ ግራና ቀኝ ተራራ፣ አጠገቤ ወንዝ፣ መኪና ደግሞ ዜሮ። እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይስ ሕልም ነው?


ቸርኬ_ጠማማ · ኢንስብሩክ

አለ። ወንዙ አዲጄ ይባላል፤ ላይኛው ሸለቆ ጀርመንኛ ስለሚናገር እዚያ ኤች ይሉታል። ግራ አይግባህ፣ በዚያ አገር ሁሉም ነገር ሁለት ስም አለው። የመንገዱ ምልክት ላይም ሁለቱም ተጽፏል።

ወንዙ የሚነሳው ሬሼን መተላለፊያ አጠገብ ነው፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከኦስትሪያ ድንበር ትንሽ ወረድ ብሎ። ከዚያ 410 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አድሪያቲክ ባሕር ይገባል። ጣሊያን ውስጥ ከፖ ቀጥሎ ረጅሙ ወንዝ ነው። የሳይክሉ መንገድ ከምንጩ ጀምሮ ወንዙን ይከተላል። ከሬሼን እስከ ሜራኖ ከ80 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሜራኖ ደግሞ 325 ሜትር ላይ ናት። አስላው፤ 1,200 ሜትር ገደማ እየወረድክ ነው የምትሄደው። ከሜራኖ ቦልዛኖ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ሜዳ። ከቦልዛኖ ትሬንቶ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ያውም በወንዙ ዳር ከፍ ተደርጎ በተሠራው የጎርፍ መከላከያ ላይ። ከዚያ ሮቬሬቶ፣ ከሞሪ ወደ ቀኝ ታጥፈህ አንዲት ትንሽ ዳገት ትወጣና ጋርዳ ሐይቅ ከፊትህ ዘርጋ ይላል።

አብዛኛው አስፋልት ነው። ላይኛው ክፍል ላይ ጥቂት ቦታ የታመቀ ጠጠር ታገኛለህ፤ 28 ሚሊ ጎማ ካለህ አያሳስብህም። በየመንደሩ አንዳንዴ ከመኪና መንገድ ጋር ትገናኛለህ፤ ታቋርጣለህ፣ ወይ መቶ ሜትር አብረህ ትሄድና ትለያለህ። «ፍጹም ዜሮ» ያልከውን ትንሽ ላላ አድርግልኝ።

ስትወርድ ሁለት ቦታ ተጠንቀቅ። አንደኛው ሬሼን አጠገብ ካሉት ሐይቆች በታች ወደ ቡርግአይስ መንደር ያለው ቁልቁለት ነው። በጣም ይፈጥናል። በቀኝ በኩል ተራራው ላይ ተለጥፎ ነጭ ገዳም ታያለህ፣ ማሪየንበርግ፤ 1,340 ሜትር ላይ ስለሆነ በአውሮፓ ከቤኔዲክታውያን ገዳማት ከፍተኛው ነው። ቆመህ እየው። እየነዳህ አትየው። ሁለተኛው ቶል ላይ ነው፣ ሜራኖ ልትገባ ስትል። ሸለቆው ድንገት ስለሚሰበር መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። እዚያ ጋ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል።


ወጣ_ወረደ · ዙሪክ

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የጡረተኛ መንገድ ነው። ልጅ፣ ውሻ፣ ቅርጫት ያለው ሳይክል። ኮርሳ ይዞ እዚያ መሄድ ፈረስ ጭኖ ገበያ ውስጥ እንደመጋለብ ነው።

እዚያ ድረስ ከሄድክ ፕራድ የምትባለው መንደር ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍ። ስቴልቪዮ የሚባለው የተራራ መተላለፊያ እዚያው ነው። 48 መታጠፊያ፣ ጫፉ 2,757 ሜትር፣ ከፕራድ 24 ኪሎ ሜትር ዳገት፣ 1,800 ሜትር ገደማ መውጣት። የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት በ1825 ያስከፈተው መንገድ እስከ ዛሬ እየተነዳበት ነው። የሸለቆው መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚንሸራሸሩበት ነው። ስፖርት አይደለም።


የሌሊት_ፈረቃ

ወንድሜ፣ ስቴልቪዮ በሐምሌ በሞተር ሳይክል እንደሚሞላ አንተም ታውቃለህ። ከሞተር ድምፅ እየሸሸሁ ወደ ሞተር ጎጆ ልግባ?


ወጣ_ወረደ

እሱስ ልክ ነህ። በአውሮፓ በጋ መጨረሻ ግን ለአንድ ቀን ለመኪናና ለሞተር የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ያን ቀን ሳይክል ብቻ ነው፣ በሺዎች የሚቆጠር ሳይክለኛ። ያን ቀን ሂድና ከዚያ እናወራለን።


የሁለት_ልጆች_እናት · ቬሮና

የጡረተኛ መንገድ ያልከው ወንድማችን፣ እኔ ከሁለት ልጆቼ ጋር ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ጡረታ አልወጣሁም። 😄

ላይኛው ሸለቆ፣ ቪንሽጋው የሚሉት፣ መጨረሻ የሌለው የፖም እርሻ ነው። ዛፍ ስትሉ ትልቅ ዛፍ እንዳይመስላችሁ። እንደ ወይን በሽቦ ታስረው በረድፍ የቆሙ አጫጭር ዛፎች ናቸው፤ እጅ ሰደድ ቢያደርጉ ይደርሳል። (አትዘርጉ። የሰው ነው። ልጄን ስንት ጊዜ ተቆጣሁት መሰላችሁ።) ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ለቀማ ስለሆነ ትራክተሮች ትልልቅ ሳጥን እየጎተቱ የሳይክሉን መንገድ ያቋርጣሉ፣ አንዳንዴም ይዘውት ይሄዳሉ። ቀስ ነው የሚሉት፣ ሰላምም ይላሉ፤ ግን መኪና የለም ብለህ ዓይንህን ጨፍነህ አትንዳ።

በሚያዝያ የሄድን ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አበባው ወጥቶ ሌሊት ውርጭ ሲመጣ ገበሬዎቹ ዛፉ ላይ ውኃ ሲረጩ ያድራሉ። እኔ እብደት መሰለኝ፤ በብርድ ላይ ውኃ! ለካስ ውኃው ወደ በረዶ ሲቀየር ሙቀት ይለቃል፣ አበባውም በረዶው ውስጥ ተሸፍኖ ከዜሮ ብዙም በታች አይወርድም። ጠዋት ስንወጣ እርሻው በሙሉ ብርጭቆ ለብሶ ፀሐይ ሲያርፍበት እንዴት እንደሚያብለጨልጭ። ልጆቹ ሳይክሉን ጥለው ሩጫ።

መጥፎውንም ልናገር። ትንሹ ልጄ አስም አለበት። ፀረ ተባይ የሚረጭበት ጠዋት ላይ ከደረስክ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የአካባቢው ሰውም ተከራክሮበታል፤ ማልስ የምትባለው ከተማ በ2014 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ከአራት ሦስቱ መራጭ መርጨቱ ይከልከል ብሎ ነበር። በኋላ በፍርድ ቤት አልጸናላቸውም። እኛ ትራክተሩ ሲረጭ ካየን ቆመን እናሳልፈዋለን።

ሌላው፣ መኪና የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። የውሻ ማሰሪያ መንገዱን አቋርጦ የተወጠረ ገመድ ነው። ኤሌክትሪክ ሳይክል ትናንት የተከራየ ሰው ደግሞ ከውሻም ይብሳል። ደወል ግዛ። ኮርሳ ላይ ደወል ያስቀይማል የሚሉትን አትስማ።


ሱሉልታ_ማለዳ · አዲስ አበባ

እናንተ ሰዎች ቅናት አትፈሩም አይደል? እኛ እዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን ነው ከሲኖትራክ በፊት ሱሉልታ ለመድረስ የምንሮጠው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት ካልተመለስክ ቁርስህ ጭስ ነው። በኛ አቆጣጠር በ2011 «መንገድ ለሰው» የሚባለው ያለ መኪና ቀን ሲጀመር መስቀል አደባባይ ላይ በወር አንድ እሑድ ያለ መኪና ነድተን ነበር፤ ያን ቀን ጆሮዬ ምን ሰማ መሰላችሁ? የገዛ ካቴናዬን። ዘይት ፈልጋ ስትጮህ ስንት ወር እንደቆየች እግዜር ይወቀው።

የሌሊት ፈረቃ፣ ሂድ። ፎቶ ለጥፍ። ጋሼንም ሰላም በልልኝ።


ቸርኬ_ጠማማ

የባቡሩን ነገር ረስቼ ነበር። ከሙኒክ በብሬነር በኩል ቀጥታ ቦልዛኖ የሚሄድ ባቡር አለ፣ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለሳይክሉ ቦታ ቀድመህ መያዝ አለብህ፤ በሐምሌ ቶሎ ያልቃል። ከቦልዛኖ ሜራኖ፣ ከሜራኖ ማልስ በትንሹ ባቡር። ይሄ ትንሽ ባቡር ታሪክ አለው። በ1906 ተከፍቶ በ1990 ተዘጋ። አሥራ አምስት ዓመት ሐዲዱ ሣር ሲበቅልበት ከርሞ በ2005 እንደገና ተከፈተ። አሁን ሰዉ ወደ ላይ በባቡር ይወጣና በሳይክል ይወርዳል። ጣቢያ አጠገብ ሳይክል ተከራይተህ ታች ሌላ ጣቢያ ላይ መመለስ ትችላለህ። ለጋሼ ኤሌክትሪኩን አስብበት። ከማልስ እስከ ሬሼን 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት አለ፣ 450 ሜትር ገደማ መውጣት።

ንፋሱን ደግሞ ሳልነግርህ ብቀር ትረግመኛለህ። ከቦልዛኖ ወደ ታች ስትሄድ ጠዋት ሂድ። ከቀትር በኋላ ከጋርዳ ሐይቅ በኩል ኦራ የሚሉት ንፋስ ሸለቆውን ይዞ ሽቅብ ይመጣል። ሜዳ ነው ብለህ ስትዝናና ሜዳው ዳገት ይሆንብሃል።


የሌሊት_ፈረቃ

ጋሼን ስለ ኤሌክትሪኩ ጠየቅኳቸው። «ሞተር ያለው ሳይክል ሞተር ነው። ሞተር ከፈለግኩ ሞተር እገዛለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት።


የሁለት_ልጆች_እናት

ዳገቱን ሲያዩ ይለመናሉ። 😄 ሌላ ነገር፣ ትሬንቶ ስትደርሱ አጊቱን አስታውሷት። አጊቱ ጉደታን። አዲስ አበባ ተወልዳ ትሬንቶ የተማረች፣ በ2010 ከአገር ሸሽታ ተመልሳ ሞኬኒ ሸለቆ ውስጥ ሰው የተወውን መሬት አልምታ ፍየል ያረባች። አይቧን ከተማው በሙሉ ያውቀው ነበር፤ ትሬንቶ ላይ ሱቅም ከፍታ ነበር። በታኅሣሥ 2020 እቤቷ ተገደለች። ገና 42 ዓመቷ ነበር። ከእሷ ሸለቆ የሚወርደው ፌርሲና የሚባለው ወንዝ ትሬንቶ ላይ ነው አዲጄን የሚቀላቀለው። እኔ እዚያ ሳልፍ ሁሌ እቆማለሁ።


የሌሊት_ፈረቃ

ተመልሰናል! ይቅርታ፣ አንድ ወር ሊሞላ ነው። ሥራው ዋጠኝ። እንግዲህ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

የመጀመሪያ ቀን። ሜራኖ አድረን የጋሼን የብረት ሳይክል እንግዳ ማረፊያው አስቀመጥን። ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጋሼ የኪራይ ሳይክሎቹን «ለማየት ያህል» ብለው ዞር ዞር አሉ። ከዚያ አንዱ ላይ ወጡ። ከዚያ ወረዱ። ከዚያ፣ እኔን ሳያዩ፣ «ለዛሬ ብቻ» አሉ። ምንም አልተነፈስኩም። የመጀመሪያው ባቡር ላይ ቦታ አግኝተን ማልስ ደረስን።

ዳገቱን እኔ ላቤ ጠብ እያለ፣ ጋሼ እያወሩኝ ወጣን። እውነቴን ነው። ስለ ዘመድ ሠርግ ሁሉ አውርተው ጨረሱ።

ላይ ስትደርሱ ሐይቁ አለ፤ ሐይቁ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤት ብቻውን ቆሟል። ፎቶውን ሁላችሁም አይታችሁታል። በአካል ሲያዩት ግን ሌላ ነው፤ ውኃው ዝም ብሎ እስከ መስኮቶቹ። ግራውን የምትባል መንደር ነበረች። በ1950 ለኤሌክትሪክ ግድብ ብለው ውኃ ሲለቁባት 163 ቤትና ከ500 ሄክታር በላይ መሬት ሰጠመ። አሮጌው ደወል ቤት ብቻ ቀረ። ደወሉ ቀድሞ ወርዷል፤ ያም ሆኖ በብርዱ ወራት ሌሊት ሲደወል ይሰማል ይላሉ። ጋሼ ብዙ ዝም አሉ። መጨረሻ ላይ «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁኝ። የተወሰኑት ሽቅብ ወጥተው አዲስ መንደር ሠሩ፣ ብዙዎቹ ግን አገሩን ለቀው ሄዱ አልኳቸው። ከኋላችን ኦርትለር በረዶውን ተከናንቦ፣ 3,905 ሜትር፣ ምንም እንዳልሰማ ቆሟል።

ከዚያ መውረድ። ቸርኬ፣ ቡርግአይስ ላይ ያልከው እውነት ነው፤ እጄ ፍሬን ላይ ደነዘዘ። ግሉርንስ ገባን። ዙሪያዋን በሙሉ በግንብ የታጠረች ከተማ ናት፣ ሦስት በር ያላት፣ ነዋሪዋ 900 ገደማ። ሾርባ በልተን ወጣን።

ላስ አካባቢ የሆነውን ግን በደንብ ልንገራችሁ። ጋሼ ከኋላዬ ነበሩ። ድንገት «ያን ክንድህን ምን ነካው?» አሉኝ። ዞር ስል፣ «ከጠዋት ጀምሮ ክንፉ እንደተሰበረ ዶሮ አጥፈኸዋል» አሉ። ለካ ግራ ክርኔን ጎኔ ላይ ለጥፌ ነው 50 ኪሎ ሜትር የነዳሁት። መኪና የሌለበት መንገድ ላይ! አውቄ ዘረጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ሳላውቅ ተመለሰ። እንደገና ዘረጋሁት። ጋሼ ከኋላ «ዶሮዋ!» ባሉ ቁጥር እየዘረጋሁ ስሄድ፣ ሽላንደርስን ካለፍን በኋላ መጥራታቸውን ማቆማቸውን አስተዋልኩ። ባትሪያቸው አልቆ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ክንዴ ነው የለቀቀ።

(ላስ የእብነ በረድ አገር ናት። የእግረኛ መንገዷ ሳይቀር ነጭ እብነ በረድ ነው። ኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ባቡር ጣቢያ ወለል ላይ የተነጠፈው ከዚህችው መንደር የሄደ ነው። ጋሼ «ኒውዮርክም በኛ ሳይክል መንገድ ነው የምትሄደው» አሉ።)

ቶል ላይ ያለው ጠመዝማዛ ግርጌ የፎርስት ቢራ ፋብሪካ አለ። እዚያ ስለነበረን ቆይታ ጋሼ እንዳልጽፍ አዘዋል።


ወጣ_ወረደ

ስቴልቪዮን አልፋችሁት ሄዳችሁ ማለት ነው። ልቤ ተሰበረ።

የክንዱ ነገር ግን… ጥሩ ነው። እኔም አንዴ ከወደቅኩ በኋላ ለአንድ ዓመት ቀኝ መታጠፊያ ላይ ፍሬን እይዝ ነበር። ለማንም ነግሬ አላውቅም።


የሌሊት_ፈረቃ

ሁለተኛው ቀን። ኤሌክትሪኳ ተመለሰች፤ ጋሼ በራሳቸው የብረት ሳይክል፣ በራሳቸው እግር። የዛሬው ጥፋት የኔ አይደለም፣ የቁርሱ ነው። እንግዳ ማረፊያው ቁርስ ላይ አራት ዓይነት አይብ ነበር፤ ጋሼ አራቱንም ሁለት ሁለቴ ቀመሱ። 4 ሰዓት ላይ ወጣን። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማለቴ ነው። እስከ ቦልዛኖ እንደ ንጉሥ። እስከ ሳሎርኖ እንደ ልዑል። ሳሎርኖ ሸለቆው የሚጠብበት ቦታ ነው፣ ጀርመንኛው አልቆ ጣሊያንኛው የሚጀምርበት። ልክ እዚያ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ኦራ መጣች።

ቸርኬ፣ ነግረኸኝ ነበር። አዎ። ወንዙ ወደፊት እየሄደ እኛ ቆመናል። መንገዱ በከፍታ ላይ ስለሆነ መከለያ የለም፤ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ጋሼ ኋላዬ ላይ እንደ ቴምብር ተለጥፈው አንድም ጊዜ ወደፊት አልወጡም። «በኛ ጊዜ ወጣቱ ነበር ንፋስ የሚይዘው» ይላሉ። ትሬንቶ ስንገባ እግሬ የኔ አልነበረም። ፌርሲና ላይ ቆምን፣ እናታችን። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ሦስተኛው ቀን አጭር ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ኖሚ ሳንደርስ የኋላ ጎማዬ ፉስስ አለ። የሽቦ ቁራጭ ነው፣ ያ ዛፎቹን የሚያስሩበት ዓይነት። መለዋወጫ ከመነዳሪ አውጥቼ ሳየው የቫልቩ አንገት አጭር ነው፤ ቸርኬዬ ጥልቅ ስለሆነ ጫፉ አይወጣም። የዕቃ ሻጩን ምክር ሰምቼ ነበር የገዛሁት። (ስሙን አልናገርም።)

እየገፋን ቢቺግሪል ደረስን። ለማታውቁት፣ ትሬንቲኖ ውስጥ በሳይክሉ መንገድ ላይ የተሠሩ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ሳይክልህን ደግፈህ ቡና ትጠጣለህ። አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሳይክላቸው አጠገባቸው። ጀርመንኛ ሞከርኩ። አልገባቸውም። ጋሼ ወደ ጎን ገፋ አደረጉኝና ጮክ ብለው «ከመነዳሪ!» አሉ። ሽማግሌው ጋዜጣውን አወረዱ። «ካሜራ ዳሪያ?» አሉ። ጋሼ ጎማውን እየመቱ «ጎማ! ከመነዳሪ! ፖምፓ!» ሽማግሌው ሳቁ፤ ከኮርቻቸው ሥር ከተንጠለጠለች ቦርሳ አዲስ ከመነዳሪ አወጡ፣ ረጅም አንገት ያለው። ከዚያ ሁለቱ ጨዋታ ጀመሩ። ጋሼ ይጠቁማሉ፣ «ቸርኬ»፤ ሽማግሌው «ቸርኪዮ»። «ራጂ»፤ «ራጂ!» «ፍሬን»፤ «ፍሬኖ!» «ካቴና»፤ «ካቴና!» ግማሽ ሳይክል ተግባብተው ጨረሱ። ኮርቻ ላይ ሲደርሱ ግን ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ጋሼ በኩራት «እሱ የኛ ነው» አሉ። ሽማግሌው ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ቡናውን እኛ ከፈልን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሼ ጎማውን በባዶ እጃቸው አውጥተው፣ ከመነዳሪውን ቀይረው፣ መልሰው አስገብተው ነበር። መንቀያ የለ፣ ምን የለ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ።

ከሞሪ በኋላ ያለችውን ዳገት ወጥተን ሐይቁን ስናይ ጋሼ «ትልቅ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቶርቦሌ እግራችንን ውኃ ውስጥ ነክረን ዋልን።

ወደ ሙኒክ ከተመለስኩ ወዲህ ሁለቴ ወደ ሥራ በሳይክል ሄጃለሁ። አውቶቡስ ሲያልፈኝ አሁንም እኮማተራለሁ። ግን ኮርሳዋ ግድግዳው ላይ አይደለችም።


ጎሚስታው · ዋሽንግተን

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። 20 ዓመት ሳይክል ጠግኛለሁ፤ አንድ ነገር ልበል። ጥልቅ ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ ያለ መንቀያ በባዶ እጅ፣ በአምስት ደቂቃ? 63 ዓመታቸው ሆነው? ተወዳዳሪ እንዲህ አያደርግም። ተወዳዳሪ እጁን አጣጥፎ ሌላ ጎማ ይጠብቃል። ያቺ ፎቶ ትውጣ።


ሱሉልታ_ማለዳ

ኧረ ጉድ! ፎቶው! ፎቶው!


የሌሊት_ፈረቃ

ጎሚስታው፣ ቤተሰብ በጠበጥክ። ለጋሼ የጻፍከውን አነበብኩላቸው። ስልኩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። ትናንት ማታ ፎቶው መጣ።

ጥቁርና ነጭ ነው። አራት ቀጫጭን ልጆች ማልያ ለብሰው ሳይክላቸው ላይ ቆመዋል። ጋሼ በጎን በኩል ናቸው። ቱታ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ሁለት ከመነዳሪ፣ በአንድ እጃቸው ፖምፓ።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ተወዳደርኩ አላሉም ነበር?» አልኳቸው። «መቼ?» አሉኝ። «ክለብ ውስጥ ነበርኩ ነው ያልኩህ።»